«ሰው እየተራበ ለውሻ አውሮፕላን?» ላላችሁኝ

ባለፈው እሁድ አንድ ፎቶ ለጥፌ አንድ ጥያቄ ጠይቄ ነበር። ፎቶው የዳማ ነው። ጥያቄው ደግሞ ይኸው፦ «በግንቦት መጨረሻ ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት ውሻ ይዤ ልመጣ ነው። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ካለ ልምዱን ያካፍለኝ።» ሁለት ሰዎች ጊዜያቸውን ሰጥተው በደንብ አስረዱኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የቀረው መቶ ምናምን ኮመንት ግን ስድብ፣ ሳቅና ስብከት ነበር።

ጥቂቱን ልጥቀስላችሁ። «ሰው እየተራበ ለውሻ አውሮፕላን?» «ፈረንጅ ሆነሻል በቃ።» «በዚህ ብር አንድ ዘመድ አታመጪበትም?» «ልጅ ብትወልጂ ይሻልሽ ነበር።» ይሄኛውን አርባ ሦስት ሰው ላይክ አድርጎታል፤ ቆጥሬዋለሁ። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደግሞ «ቲቸር፣ በእውነት ይሄን ከእርስዎ አልጠበቅኩም» ብሎ ጻፈ። ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። የሌላው አላመመኝም። የእሱ ግን አመመኝ፣ ሌሊቱን ሲያገላብጠኝ አደረ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው በዋናነት ለእሱ ነው፤ ሌሎቻችሁም አንብቡት። ረጅም ነው። ክፍል ውስጥም ደወል ካልተደወለ የማላቆም እንደነበርኩ ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ ዳማ ማን እንደሆነች ልንገራችሁ።

በ2012 ዓ.ም. ክረምት እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቦይ ዳር አፉ የታሰረ የማዳበሪያ ከረጢት ሲንቀሳቀስ አየች። ፈታችው። አራት ቡችሎች ነበሩ፤ ሦስቱ ሞተዋል። አራቱም ሴት። የአዲስ አበባ ልጅ ለሆነ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ወንዱን ለጥበቃ እናሳድጋለን፣ ሴቷን «ትወልድብናለች» ብለን እንጥላለን። እናቴ የተረፈችውን በነጠላዋ ጠቅልላ ቤት ገባች። ወንድሜ «በቤተ ክርስቲያን ነጠላ!» ብሎ ሲቆጣ፣ «ነጠላው ይታጠባል» አለችው። ነገሩ በዚያ አለቀ። ቀለሟ ዳማ ስለነበር ስሟም ዳማ ሆነ።

ወንድሜ አግብቶ ከወጣ በኋላ እናቴ ብቻዋን ነበረች። ብቻዋን ስል ከዳማ ጋር ማለቴ ነው። ስንደዋወል ከጀርባ ትጮሃለች፤ እናቴም «ዝም በይ አንቺ፣ ልጄ ናት» ትላታለች። ለአራት ዓመት የእናቴን ድምፅ የሰማሁት ከዚህ ጩኸት ጋር ነው። እኔ እዚህ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሰው እናት ሳጥብና ሳጎርስ፣ የኔን እናት ደጃፍ ላይ ተኝታ የምትጠብቃት ያቺ ውሻ ነበረች።

እናቴ በታኅሣሥ 2016 አረፈች። ለቀብሯ አልደረስኩም፤ ለአርባዋ ደረስኩ። ዳማ ግቢው ውስጥ፣ እናቴ ቡና የምታፈላበት ቦታ ላይ ተጋድማ ነበር። ተመልሼ ጀርመን ከገባሁ ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ለልማት ፈረሰ። ፒያሳ አካባቢ ያደጋችሁ ያንን ሰሞን ታስታውሳላችሁ። ወንድሜ የሚኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ሦስት ልጆች። ደውሎ «ዳማን የት ላድርጋት?» አለኝ። ያኔ ምን እንዳልኩት ልንገራችሁ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ የሰፈር ሰው ይጥልላታል» አልኩት።

የሰፈር ሰው! የትኛው ሰፈር? ሰፈሩ እኮ ፈርሷል።

ዳማ ጎዳና ላይ ወደቀች። ለወራት የቤታችን በር የነበረበት ቦታ ላይ ትተኛ ነበር። በር በሌለበት ቦታ በር ትጠብቃለች። የመኪና ጠባቂ ልጆች ትራፊ እየጣሉላት ከረመች። አንድ ቀን ጠዋት በአካባቢው ስድስት ውሾች አፋቸው አረፋ ደፍቆ ተገኙ። ሥጋ ውስጥ መርዝ ጨምሮ የበተነ ሰው ነበር። ዳማ የተረፈችው ያን ሌሊት ሌላ ቦታ ስላደረች ነው። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ የማታ ፈረቃ ላይ ነበርኩ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በማግስቱ ለአንድ ሌላ የቀድሞ ተማሪዬ ደወልኩ። ሰባተኛ ክፍል ሳስተምረው እንቁራሪት የሚፈራ ልጅ ነበር፤ አሁን የእንስሳት ሐኪም ነው። ሄዶ ፈልጎ አመጣት።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ።

«የባዘነ ውሻ» ትላላችሁ። እኔም በፎቶው ሥር እንደዚያው ብዬ ጽፌ ነበር፣ አሁን ግን ቃሉን አንስቻለሁ። የእኛ ከተማ ውሻ ከጫካ አልመጣም። አብዛኛው ሰው ያሳደገው፣ ወይም ሰው የጣላት ውሻ የወለደችው ነው። ሌሊቱን ሙሉ እየጮኸ ቤታችንን ይጠብቃል። ቤት ስንለቅ፣ ውጭ ስንሄድ፣ ሲያረጅ፣ ወይም ሴት ሆና ስትወልድ በር እንዘጋለን። በሩን ከዘጋን በኋላ ስም እናወጣለን፦ «የባዘነ»። አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮሃል» ብለው የተረቱት በታማኝነቱ ነው። ዳማ በበላችበት ጮኻለች። የበላችበት ቤት ልጅ ግን እኔ ነኝ፣ «የሰፈር ሰው ይጥልላታል» ብዬ ስልክ የዘጋሁት።

«ፈረንጅ ሆነሻል» ላላችሁኝ፦ እናቴ ከደብረ ዘይት አልፋ አታውቅም ነበር። ያንን ከረጢት ስትፈታ የትኛው ፈረንጅ አስተምሯት ነው? መጽሐፈ ጦቢትን አንብቡ። ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር ሩቅ መንገድ ሲሄድ ውሻቸው አብሯቸው ነበር። የአልዓዛርን ቁስል ሀብታሙ ዞር ብሎ አላየውም፣ ውሾች ግን ይልሱለት ነበር። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለተጠማ ውሻ በጫማዋ ውሃ ቀድታ ስላጠጣችና ኃጢአቷ ስለተማረላት ሴት ሲናገሩ ሰምተን ነው ያደግነው። የጃንሆይን ሉሉንማ ማን ይረሳል! ለንጉሥ ሲሆን ወግ፣ ለአንድ ነርስ ረዳት ሲሆን ፈረንጅነት የሚሆንበት ምክንያት አይገባኝም።

«ሰው እየተራበ» ላላችሁኝ ደግሞ፦ አምና ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝቼ ስለጥፍ «እንኳን ደስ አለሽ» ነበር ያላችሁኝ። ዋጋው ከዳማ የጉዞ ወጪ ብዙም አያንስም። ያኔ የተራበው ሰው የት ሄዶ ነበር? ከመካከላችሁ ሠርጉን በሊሞ ያጀበ አለ፤ ለልጁ አንደኛ ዓመት ልደት አዳራሽ የተከራየ አለ። ደግ አደረጋችሁ፣ ደስታችሁ ነው፣ ማናችሁንም አልጠየቅኩም። ግን የተራበ ሰው ትዝ የሚለን ውሻ ስናይ ብቻ ከሆነ፣ ስለተራበው ሰው አይደለም የምናወራው። ንቀታችንን የድሃ ልብስ እያለበስነው ነው።

አሁን ደግሞ ከበድ ወዳለው ልምጣ። «ውሻ በሽታ ነው፣ ቢያጠፏቸው ይሻላል» ያላችሁ አላችሁ። ይህን በስሜት አልመልስም።

በ1999 ዓ.ም. የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ የነበረ አንድ ልጅ ነበር። ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጋ። አንድ ቡችላ እጁን ጫር አድርጎ ነከሰው። ትንሽ ቁስል ናት። ቤት ውስጥ የሆነ ቅጠል አሰሩለት፣ ዳነ ተባለ። ከሁለት ወር በኋላ ትምህርት ቤት ቀረ። ልጠይቀው ቤታቸው ስሄድ አልጋ ላይ ታስሮ ነበር። ውሃ በኩባያ ሲያመጡለት የሆነውን አልጽፍም። ከሦስት ቀን በኋላ ቀበርነው። የዚያ ክፍል ልጆች ይህን የምታነቡ አላችሁ፤ መቀመጫውን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ማንም አልተቀመጠበትም። ስለዚህ እባካችሁ የእብድ ውሻ በሽታ ምን እንደሆነ ለእኔ አትንገሩኝ።

የማውቀውን ደግሞ እኔ ልንገራችሁ፣ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይናገራል፤ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ነው። ከአሥሩ አራቱ ያህል ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው ከውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ከንክሻ በኋላ ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን በጊዜ የጀመረና የጨረሰ ግን ይድናል። ፓስተር ዘጠኝ ዓመት የሆነውን ጆሴፍ ማይስተርን የከተበው በ1885 እ.ኤ.አ. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ መድኃኒቱ ታውቆ እያለ ነው ተማሪዬን በቅጠል የሸኘነው።

መርዙስ? ልጅ ሆነን ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ በመርዝ የሞቱ ውሾች መንገድ ዳር ተደርድረው እናይ ነበር። የዛሬ ልጆችም አይተዋል። መርዝ በሽታ የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ጠፍቶ ነበር። አይጠፋም፤ ምክንያቱም መርዝ የተከተበውንና ያልተከተበውን አይለይም። ሰው የለመደችውን፣ የተከተበችውን ውሻ ገድሎ ቦታዋን ባዶ ያደርገዋል። ቆሻሻው ገንዳ ውስጥ እስካለ ድረስ ያንን ባዶ ቦታ ከሌላ ሰፈር የመጣ ያልተከተበ ውሻ ይሞላዋል። የተረፉትም ይወልዳሉ። የሚሠራው ክትባት ነው። ከውሾች 70 በመቶው በየጊዜው ከተከተበ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። በውሻ ምክንያት የሚመጣውን የሰው ሞት በ2030 እ.ኤ.አ. ዜሮ ለማድረግ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ግብም የቆመው በዚህ ላይ ነው።

በምልክታችን፣ በኩራታችን፣ በቀይ ቀበሮ ላይ የደረሰውንም አስቡ። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም፤ የቀረው አምስት መቶ ያህል ነው። በባሌ ተራሮች በ2003 እና በ2004 እ.ኤ.አ.፣ ከዚያም በ2008 እና በ2009 ከሰው ውሾች የተጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷል። መልሱ ምን ነበር? ውሻዎቹን መክተብ፣ ቀበሮዎቹንም መክተብ። ለቀበሮው የገባን ነገር ለሰፈራችን ልጅ ሲሆን ለምን አይገባንም?

«ፈረንጆቹ እንዴት ዝም ብለው ያስገቡልሻል?» ያላችሁም ነበራችሁ። ዝም ብለው አያስገቡም። ዳማ ያለፈችበትን ስሙ። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ካለባቸው አገሮች ስለሆነች ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባ ውሻ መጀመሪያ 15 አሃዝ ያለው ማይክሮቺፕ ቆዳው ሥር ይቀበርለታል። ክትባቱ የሚቆጠረው ከቺፑ በኋላ ከሆነ ብቻ ነው። ዳማ ቺፕና ክትባቷን ያገኘችው ጥር 12 ቀን ነው። ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ተቆጥሮ ደም ይወሰዳል፤ የእሷ የተወሰደው የካቲት 15 ነው። ደሙ ኅብረቱ ወደሚቀበለው ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ የመከላከያ አቅሙ በአንድ ሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት መሆን አለበት። የዳማ 2.8 ሆነ፤ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ደስ አለኝ። ከዚያ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር መጠበቅ ነው። መጨረሻ ላይ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የሚፈርምበት የጤና ምስክር ወረቀት፤ ከተፈረመ እስከ መግቢያው ምርመራ ድረስ የሚያገለግለው አሥር ቀን ብቻ ነው። ቆማ የምትዞርበት፣ የምትተኛበት ስፋት ያለው ሳጥን ደግሞ አለ። ተማሪዬ አሁን ጀምሮ እሱ ውስጥ እየመገባት ያለማምዳታል።

«በሚመጣ ሰው አትልኪያትም?» ላላችሁኝ፦ እኔም መጀመሪያ እንደ ቡና እንደ በርበሬ በሰው የሚላክ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ባለቤቷ እኔ ከእሷ ጉዞ በፊት ወይም በኋላ በአምስት ቀን ውስጥ ካልተጓዝኩ ነገሩ እንደ ንግድ ጭነት ይቆጠራል፣ ሌላ ረጅም ሕግ አለው። ስለዚህ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ራሴ እሄዳለሁ። እዚህም ስትደርስ ማዘጋጃ ቤት ትመዘገባለች፣ ግብር እከፍልባታለሁ። አዎ፣ እዚህ ለውሻ በየዓመቱ ግብር ይከፈላል። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ለውሻ ርኅራኄ ያለው ሕግ ነው ለማለት አይደለም። ሕጉ የሚፈራው በሽታውን ነው። ግን በሽታውን የሚፈራ ሕግ መርዝ አልበተነም። ቺፕ፣ ክትባት፣ ደም፣ ምዝገባ፣ ባለቤት ነው የጠየቀው። ትልቁ ጥያቄ የመጨረሻው ነው፦ የማን ናት?

አሁን ወደ አንተ፣ ተማሪዬ።

አንተ ከሌሎቹ ጋር አንድ አይደለህም። በየመስከረሙ ለሰፈርህ ልጆች ደብተርና እስክሪብቶ እንደምትገዛ አውቃለሁ፤ እኔም ድርሻዬን ልኬልሃለሁ። ስለዚህ የቴሌቪዥኑ መልስ ለአንተ አይሆንም። ሂሳቡን በግልጽ ላስቀምጥልህ። የሁሉም ድምር፣ የእኔን ትኬት ጨምሮ፣ 1,900 ዩሮ አካባቢ ነው። ከአንድ ወር ደሞዜ ትንሽ ቢያንስ ነው። በዚህ ገንዘብ ስንት ደብተር እንደሚገዛ አንተም እኔም ማካፈል እንችላለን። ብዙ ነው። «አይደለም» ብዬ አልዋሽህም።

ግን አንድ ነገር ለይልኝ። ምጽዋት ሌላ ነው፣ ዕዳ ሌላ ነው። ለማላውቀው ልጅ ደብተር ስገዛ ምጽዋት ነው፤ የተሻለ ቦታ ካገኘሁ ወደዚያ ላዞረው እችላለሁ። ለዳማ የማደርገው ግን ዕዳ ነው። እናቴን ለአራት ዓመት ጠብቃልኛለች፤ እኔ በአንድ የስልክ ጥሪ ሜዳ ላይ ጥያታለሁ። ዕዳውን ሳይከፍል የሚመጸውት ሰው የሚመጸውተው የሰው ገንዘብ ነው። ዳማ ውሻ ስለሆነች ዕዳው አይቆጠርም ካልከኝ፣ የሚቆጠረው የከሳሽ ዕዳ ብቻ ነው ማለትህ ነው። ክፍል ውስጥ እንዲህ አላስተማርኩህም። ዘንድሮም የደብተሩን ድርሻዬን በነሐሴ እልካለሁ፤ ሰበብ አላደርግም።

በአንድ ነገር ግን ትክክል ነህ፣ ስለዚህም አመስግኜሃለሁ። እሁድ ያንን ፎቶ ስለጥፍ ጀግና የመምሰል ነገር ነበረብኝ። «አዳንኳት» ብዬ ጽፌ ነበር። አላዳንኳትም። የጣልኩትን ነው የማነሳው። የመኪና ጠባቂዎቹ ልጆች ከራሳቸው ምሳ ቆርሰው አበሏት፣ ሐኪሙ ተማሪዬ ከሥራ በኋላ በእግሩ ፈልጎ አገኛት። ያዳኗት እነሱ ናቸው። ጽሑፉን አስተካክዬዋለሁ።

በውስጥ መስመር «የኛንም ውሰጂልን፣ እኛም ልንወጣ ነው» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ደግሞ አሥራ አንድ ናችሁ። አልወስድም። ውሻ በአውሮፕላን በማውጣት የአንድ ከተማ ችግር አይፈታም። አንዷን ለማውጣት አምስት ወር ፈጅቶብኛል፤ በዚያው ጊዜና ገንዘብ አንድ ሙሉ ሰፈር ይከተባል። ውጭ ልትወጡ ከሆነ ለፓስፖርታችሁ ከምትሰለፉበት ቀን ጀምሮ ለውሻችሁ ሰው ፈልጉላት። አስከትቧት፣ አስመክኗት፣ የክትባት ወረቀቷን ለሚቀበላችሁ ሰው በእጁ ስጡት። አንድ ወር ቀድማ ትልመደው። ሻንጣ በሚዘጋበት ቀን በር ከፍቶ ማስወጣት ሌላ ስም የለውም፣ መጣል ነው። እኔ አድርጌዋለሁ፣ አውቀዋለሁ።

እዚያው ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ የቤት ሥራ አለባችሁ። በግቢያችሁ ያለውን ውሻ ክትባት ወረቀት ዛሬ ማታ ፈልጉ። ከሌለ ወይም ዓመቱ ካለፈ በዚህ ሳምንት አስከትቡ። ሐኪሙ ተማሪዬ በግንቦት 18 ሳምንት፣ እኔ እዚያ ስሆን፣ የድሮ ሰፈራችን አካባቢ ለቀሩት ውሾች ክትባት ሊሰጥ ተስማምተናል። የክትባቱን ዋጋ እኔ እችላለሁ፤ የምፈልገው ውሻ የሚይዝልኝ ጠንካራ ክንድና ዝርዝር የሚጽፍ ሰው ነው። «ሰው እየተራበ» ያላችሁኝ ሁሉ ተጋብዛችኋል። አንድ ልጅ በዚያ ሰፈር ቢነከስና ውሻዋ የተከተበች ብትሆን ያተረፍነው ሰው ነው። ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጋ የነበረው ልጅ ዛሬ ሠላሳ ዓመት አልፎት ነበር።

ትናንት ማታ በቪዲዮ ደውዬ ነበር። ዳማ ሳጥኑ ውስጥ ተኝታለች። ድምፄን ስትሰማ ብድግ ብላ ጮኸች። ተማሪዬ ሳያውቅ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ዝም በይ አንቺ፣ ቲቸር ናት።»

ስልኩን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ።

ስድቡን ኮመንት ላይ መቀጠል ትችላላችሁ፣ አላጠፋውም። ልትመጡ የምትፈልጉ ግን በውስጥ መስመር ስማችሁን ላኩልኝ። ጓንት ለስንት ሰው እንደምገዛ ልወቅ።